በቀረጥ ቤት የተቀመጠው ሰው፤ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወት

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ወጣቶች ካህናትን ከበው ከሚጠይቁት ሁሉ፥ በዚህ በድሬዳዋ ከተማ አዘውትሮ የሚሰማው ጥያቄ ስለ ጾም ወይም ስለ ስግደት አይደለም። ትምህርቱን የፈጸመው ልጅ፥ ሥራ ያገኘውም ያላገኘውም፥ እግዚአብሔር በየትኛው ሥራ ላይ ሊያቆመው እንደ ፈጠረው ለማወቅ ይናፍቃል። ሳያውቅ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ዓመት ልቡ ይሰጋል፤ የተሰጠውን ሳያገኝ የሚሞት ይመስለዋል። ይህ ጭንቀት የሚናቅ አይደለም።

የሰው ልጅ ለምን እንደ ተፈጠረ ቤተ ክርስቲያን ስታስተምር ኖራለች፤ ስሙን ቀድሶ ክብሩን ወርሶ እንዲኖር ነው። ነገር ግን ይህ መልስ ለንጉሡም ለእረኛውም አንድ ነው። ወጣቱ የሚጠይቀው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን፥ የራሱን ዕድል ፈንታ ነው። የዘመኑ መካሪዎችም ወደ ውስጡ እንዲመለከት፥ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ነገር እንዲፈልግና ያንኑ ጥሪዬ ነው ብሎ እንዲይዝ ይነግሩታል። ልቡናን መመርመር መልካም ነው፤ አበውም አዘውናል። ዳሩ ግን ልብ ብቻውን ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኝበት ምኞት ነው፤ ምኞትም በየወሩ ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ ወር ከምክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደናል። ሰውየው በዚሁ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነው የሠሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ስማቸው በስንክሳር አልተጻፈም፤ እኛም ከዚያ ልናስገባቸው አልተነሣንም። በዓለም ሥራ የኖሩ፥ ዕድሜያቸውም አጭር የነበረ ምእመን ሰው የመጠየቁን ነገር እንዴት እንደ ፈቱት ማየት ግን ይጠቅማል።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፥ በዐድዋ አውራጃ፥ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዮሐንስን የሚያገለግሉ ወታደር ነበሩ፤ እንደሚነገረውም ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ሕፃኑ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው ዘመን በከብቱ ላይ በሽታ ወርዶ በሬ ጠፋ፥ እርሻ ቆመ፥ ሰውም በረኀብ አለቀ። ታሪክ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ይህን ጊዜ ነው። ከትግራይ ተነሥቶ እህል ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር የወረደው ሕዝብ ቊጥር የለውም። አባት የሌለው ይህ ልጅም በዚያ መከራ ውስጥ ተጠርጎ በጣልያኖች እጅ ወደ ነበረችው ወደ ምፅዋ አገር ደረሰ።

እንግዲህ የጀርመኑ መርከብ ነገር የሚተረከው ከዚህ ላይ ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆነው ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ወደቡ ወርዶ መርከቡን ለማየት ፈቃድ አገኘ። ሌሎቹ አይተው ሲወርዱ እርሱ ተሸሽጎ ቀረ። መርከቡ ወደ ባሕሩ መካከል ከገባ በኋላ ተገኘ፤ የመርከቡም አዛዥ ወደ ባሕር አልጣለውም፥ በመንገድም አልተወውም፤ ወስዶ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጠው። እነርሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት፥ አስተማሩት። ነቢዩ ዮናስ በመርከብ የተሸሸገው የታዘዘበትን ሥራ ስለ ጠላ ነበር። ይህ ሕፃን ግን የሚሸሸው ትእዛዝ አልነበረውም። የሕፃን ነገር ነው፤ ትልቅ መርከብ አየ፥ ልቡ ወደደ፥ ቀረ። የወደደው መርከቡን ነበር፤ የተዘጋጀለት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ልጁ በዚያ አገር የጀርመንን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው ተማረ፤ አድጎም በበርሊን ሕክምና አጠና። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ በባዕድ እጅ ያደገ፥ የባዕድ እንጀራ የበላ፥ የባዕድ ትምህርት የተማረ ሰው ለኛ ምን ምሳሌ ይሆናል ይል ይሆናል። እንዲህ ለሚል ሰው የሙሴን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ሙሴ ከውኃ ወጥቶ በፈርዖን ቤት አደገ፤ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተማረ። ያ ጥበብ ዕብራዊነቱን ሊያስረሳው ይችል ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ምቾትም ሊያስቀረው ይችል ነበር። በጐለመሰ ጊዜ ግን ወደ ወንድሞቹ ወጥቶ ሸክማቸውን አየ። መጽሐፍ ስለ ሙሴ ጥሪ ሲነግረን በሚነደው ቍጥቋጦ አይጀምርም፤ ከዚያ አስቀድሞ 40 ዓመት ያህል ቀደም ሲል፥ የወንድሞቹን ሸክም ባየበት ቀን ይጀምራል። ይህን ቦታ ስናስተምር ቶሎ አልፈነው ወደ ነበልባሉ እንሮጣለን፤ ነበልባሉ ይማርካልና።

ገብረ ሕይወትም ወደ ወንድሞቻቸው ወጡ። በአውሮፓ ቢቀሩ ሐኪም ሆነው በክብርና በምቾት ይኖሩ ነበር፤ የሚያውቁት ቋንቋና ልማድ የዚያው አገር ነበር። እነርሱ ግን ተመለሱ። ከተመለሱም በኋላ አማርኛን እንደ ተማሪ ሆነው ተማሩ። የበርሊን ትምህርት ያለው ሰው ፊደል ቈጣሪ ሆኖ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትሕትናው በዚህ ይታወቃል። በኋላ የጻፉት አማርኛ ግን የትኛውም የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የማያፍርበት፥ አጭርና ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው ገቡ። ይሁን እንጂ ዘመኑ ክፉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተይዘው፥ መኳንንቱና የእቴጌ ጣይቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት፥ የውጭ አገር መልእክተኞችም የየራሳቸውን ጥቅም የሚያደቡበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለው ስፍራ የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ለሁሉም ያስፈልጋል፥ በሁሉም ዘንድ ይጠረጠራል። ገብረ ሕይወትም አገራቸውን ለቀው በእንግሊዞች ግዛት ወደ ነበረው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከዚያም በጽኑ ታመው በኤርትራ ቆዩ፤ ሕፃን ሳሉ ከተነሡበት ምድር ማለት ነው። ሹመት የለም፥ ጤና የለም፥ የተመለሱለት አገር አልተቀበላቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። አንድ ወጣት ጥሪውን የሚያውቀው ሥራው ሲቃናለት ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ በሩ ከተከፈተ ከእግዚአብሔር ነው፥ ከተዘጋ አይደለም ይላሉ። እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ገብረ ሕይወት ወደ ኦስትሪያ በተመለሱ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም ከጒድጓድ ሲወጣ ዝም ባለ ነበር። በሩ ተዘግቶባቸው ሳለ ግን ገብረ ሕይወት ብዕር አነሡ። ዓፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912፥ በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ብርሃን ይሁን በተባለው መድበል ውስጥ ወጣ።

ጽሑፉ ረጅም አይደለም። ስለ ቀደሙት ነገሥታትና መሳፍንት ይፈርዳል፤ ፍርዱም በአንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ የከረረ ይመስለኛል፤ የ26 ዓመት ሰው ፍርድ ነው። ከፍርዱ ይልቅ የሚደነቀው ለወጣቱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ የሚያቀርበው ምክር ነው። የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ ገንዘብ እንዲለያይ፥ ባላገር የሚከፍለው ግብር እንደ ዓቅሙ ተቈርጦ እንዲታወቅ፥ ወታደር ባላገሩን መዝረፉ ቀርቶ ደመወዝ እንዲያገኝ፥ ሕግ ተጽፎ ዳኛው በእርሱ እንዲፈርድ፥ ገንዘቡ በአገሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን፥ ትምህርት ቤት እንዲበዛ ይለምናል። ጃፓን በጥቂት ዘመን ከጨለማ እንዴት እንደ ወጣችም እያሳየ ያስረዳል። ባላገሩ ቤት ገብቶ በሬውን አርዶ የሚበላውን ወታደር ያነሡት፥ የራሳቸው አባት ወታደር ሆነው ሳለ ነው። ለወገን አለማድላት ማለት ይህ ነው።

ሐኪም ነበሩና የሕመምን መንሥኤ መፈለግ ያውቃሉ። የሚያክሙት አካል ግን ተለውጦ ነበር። የአንድ ሰው ሆድ ቍርጠት ከሚያክሙ ይልቅ፥ ለምለም መሬት ይዞ የሚራበውን ሕዝብ ሕመም ለመመርመር ተነሡ። ይህን የመረጡት ሕክምናን ስለ ጠሉ አይደለም። ክፉ ቀን ያየ ልጅ ነው፤ የረኀቡ ምክንያት ምንድር ነው የሚለው ጥያቄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከፊቱ ተደቅኗል። በአውሮፓ ደግሞ የጠገበ አገር አየ። በአንድ ዓይኑ የኛን ማጀት፥ በአንድ ዓይኑ የእነርሱን ጐተራ ያየ ሰው በዚያን ዘመን ከሺህ አንድ አይገኝም ነበር። አባቱን ያሳጣው ጦርነት፥ ከቤቱ ያስወጣው ረኀብ፥ ባሕር ያሻገረው መርከብ፥ ያስተማሩት ባዕዳን፥ ያሰደደው የቤተ መንግሥት ሽኩቻ፥ ከእነዚህ አንዱንስ እንኳ መርጦት አልነበረም ማለት ይቻላል። መክሊቱ የተሠራው ግን ከእነዚሁ ነው። በወንጌል ምሳሌ አገልጋዮቹ መክሊቱን ከጌታቸው እጅ ተቀበሉ እንጂ ከገበያ መርጠው አልገዙትም።

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያም የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ተቈጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ የድሬዳዋም ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ።

የድሬዳዋን ነገር ያላወቀ ሰው የዚህን ሹመት ክብደት አይረዳውም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ በዚህ ስፍራ ከተማ አልነበረም። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ ስላልተመቸ ጣቢያው በቈላው ላይ ተሠራ፤ መጀመሪያም ስሙ አዲስ ሐረር ተባለ። ሐዲዱም ለብዙ ዓመታት ከዚህ አላለፈም፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቡጀዲድ፥ ጠመንጃ፥ ብርጭቆና መሣሪያ ሁሉ በዚህ ይራገፍ ነበር፤ የሚወጣውም ቡና፥ ቆዳ፥ ሰምና የዝሆን ጥርስ በዚሁ ያልፍ ነበር። አረቡ፥ ህንዱ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ፈረንሳዊው፥ ሶማሌው፥ ኦሮሞው፥ ሐረሬው፥ አማራው በከዚራና በመጋላ መካከል ተጋፍቶ ይነግድ ነበር። ዛሬ አሮጌው ባቡር ቆሞ፥ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ነጻ የንግድ ቀጣና ተከፍቷል፤ ከተማይቱ ግን እስከ ዛሬ የምትኖረው ከዕቃ መግቢያና መውጫ ነው።

ነጋድራስ ማለት የነጋዴ ራስ ማለት ነው። ቀድሞ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ስም ነበር፤ በኋላ ግን ለመንግሥት ቀረጥ የሚሰበስበው ሹም መጠሪያ ሆነ። በግእዙ ወንጌል መጸብሓዊ ከሚለው ጋር ግብሩ አንድ ነው። ምእመናን ይህን ስም ሲሰሙ ምን እንደሚያስቡ እናውቃለን፤ ቀራጭና ኃጢአተኛ በወንጌል ተጣምረው ይጠራሉና። ስለዚህ ነገሩን በጥንቃቄ እንመልከት።

በወንጌል ከቀራጮች ወገን ሦስት ዓይነት ሰዎች እናገኛለን። ማቴዎስ በቅፍርናሆም በቀረጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ ጌታ ጠራው፤ ተነሥቶም ተከተለው፥ ሥራውንም ተወ። ወደ መጥምቁ ዮሐንስ የመጡት ቀራጮች ግን ምን እናድርግ ብለው በጠየቁ ጊዜ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነገራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። የኢያሪኮው ዘኬዎስ ደግሞ የቀራጮች አለቃ፥ በኛ አጠራር ነጋድራስ፥ ነበር፤ እኩሌታውን ለድኆች ሊሰጥ፥ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ጌታም በቤቱ ገብቶ ዋለ። ወንጌሉ ዘኬዎስ ወንበሩን ተወ አይልም። እንግዲህ ወንበሩ አንድ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እንዲነሣ፥ ሌላው በልክ እንዲቀመጥ፥ ሦስተኛው የነጠቀውን እንዲመልስ። ወጣቶች ስለ ጥሪ ሲጠይቁን የሥራ ስም እንድንነግራቸው ይፈልጋሉ፤ መምህር፥ ሐኪም፥ መነኵሴ፥ ነጋዴ። የሥራው ስም ብቻውን ግን ምንም አይነግራቸውም።

ስለ ማቴዎስ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራውን ቢተውም ብዕሩን አልተወም። በቀረጥ ቤት ገቢና ወጪ የሚጽፍ እጅ በኋላ ወንጌል ጻፈ። እግዚአብሔር ሰውን ሲጠራ ቀድሞ የተማረውን አያባክንበትም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ ወንበር ላይ የተቀመጡት በዚህ ዓይነት ነው። በዚያን ዘመን ነጋድራስነት ሰው ለመበልጸግ የሚፈልገው ሹመት ነበር፤ በሚዛኑና በነጋዴው መካከል የሚቀር ብዙ ነገር አለና። እሳቸው ግን በሚዛኑ አጠገብ የቆሙት አገራቸውን ለማየት ነበር። ከጉምሩክ በር የበለጠ የአገርን ኑሮ የሚያሳይ መስኮት የለም። አንድ ባላገር ዓመት ሙሉ የደከመበት ቡና ወጥቶ፥ በባዕድ አገር አንድ ሠራተኛ በመኪና በጥቂት ቀን የሠራው ጨርቅ በምትኩ ሲገባ፥ ማን ባለጸጋ ማን ባለዕዳ እየሆነ እንደሚሄድ በዓይን ይታያል።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ሀብት ማለት ወርቅና ብር እንዳልሆነ፥ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ታግሎ በሥራው የሚያገኘው ነገር እንደ ሆነ፥ ሥራንም የሚያበረክተው ዕውቀት እንደ ሆነ ደረጃ በደረጃ ያስተምራሉ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ለም መሬት ቢኖረውም ዕውቀት ላለው ሕዝብ አገልጋይ እንደሚሆን፥ ለዚህም የጦር ድል እንደማያስፈልግ፥ ንግዱ ብቻ እንደሚበቃ ያሳያሉ። ዐድዋ የተወለደ ሰው ይህን መጻፉን ልብ ይሏል። ጦርነት የተከማቸውን ሀብት እንዴት እንደሚያጠፋም ይዘረዝራሉ። የባቡርም ነገር አልቀረ፤ ሐዲድ ብቻውን አገር አያበለጽግም፥ የራሱ ሥራ የሌለው ሕዝብ መንገድ ቢከፈትለት የሌላው ዕቃ መግቢያ ይሆናል ይላሉ። ይህን የጻፉት ከባቡሩ የራቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቅናት ነው ይባል ነበር፤ የባቡሩ ተቈጣጣሪ ግን እሳቸው ነበሩ።

መጽሐፉ የተጻፈበት ጊዜም ይታሰብ። ስለዚህ ትምህርት በአማርኛ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ገና አልተለመደም ነበር። እሳቸውም ባላገሩ በገበያ በሚናገረው ቃል ጻፉት። በጀርመንኛ ቢጽፉ ቀላል ይሆንላቸው ነበር፥ በአውሮፓም ስም ያገኙበት ነበር። ሊነግሩት የፈለጉት ሕዝብ ግን ጀርመንኛ አይሰማም።

በአሁኑ ዘመን ቋንቋ ዝንባሌ የሚባለውን ነገር በዚህ ሕይወት ውስጥ ፈልጉ ቢባል ወዴት እናገኘዋለን? ልጁ መርከብ ወደደ፤ መርከበኛ አልሆነም። ጐልማሳው ሕክምና ተማረ፤ ስሙ በሐኪምነት አልተጠራም። ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ፤ ተሰደደ። ቀራጭ ሆነ፤ ማንም ሕፃን ቀራጭ ልሁን ብሎ አያልምም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም፤ የወገኖቹ ድኅነት ማረፊያ አልሰጠውም። ልጆቻችንን ምን ትወዳለህ ብለን ከመጠየቅ ጋር፥ ምን አይተህ ማለፍ አቃተህ ብለን ብንጠይቃቸው መልካም ነው። አንዳንዱ የታመመ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ አንዳንዱ የተዛባ ፍርድ፤ አንዳንዱ የተሳሳተ ዜማ ሰምቶ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይህም ከቶ ትንሽ ነገር አይደለም፥ የቅዱስ ያሬድ ልጆች በዚህ ይታወቃሉ። ከዚያም በኋላ ለዚያ ነገር የሚሆን ምን በእጁ እንዳለ ይጠየቅ። በረኀብ ዘመን ያደገ ሰው እጁ ባዶ መስሎት ይሆናል፤ ረኀቡን ማወቁ ራሱ ግን ያልተራበው ሰው የሌለው ዕውቀት ነው።

ይህ መንገድ ያስደስታል ብለን ለማንም ቃል አንገባም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የመከሯቸው ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ የተመከረውም ምክር ብዙው ሳይፈጸም ቀረ። የደከሙበት ትልቁ መጽሐፍም በእጅ ጽሕፈት እንደ ተቀመጠ፥ ራሳቸው በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። የመጀመሪያውን ገጽ ታትሞ አላዩትም።

መጽሐፉ የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ምሁራን እየደጋገሙ መርምረውታል፤ በአማርኛም እንደገና ታትሟል። በመጨረሻም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በሎንዶን ወጣ፤ የሀብትን ትምህርት የሚያጠኑ የባሕር ማዶ ሰዎችም የድሬዳዋውን ነጋድራስ ስም በመጻሕፍቶቻቸው ይጠቅሳሉ።